ጦጣው ያላመነው ፈገግታ

በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰው ሁሉ ደስተኛ ነበር። ደስታው የሚጀምረው ጠዋት የፕሮፌሰሩ ጫማ ደረጃው ላይ ኳ ኳ ማለት ሲጀምር ነው፤ የሚያበቃውም ያው ጫማ በኮሪደሩ ጥግ ታጥፎ ድምፁ ሲጠፋ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ ጥርስ ነው። ኮምፒዩተሯ ሥራዋን ውጦባት ስታማርር የነበረችው ሴት ፊቷ ይበራል። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው እንኳ የሚያመውን ጥርስ ሳይቀር አውጥቶ ያሰጣል። ፕሮፌሰሩ በየክፍሉ በር ላይ ይቆማሉ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ያያሉ፣ አዝመራው እንዳማረለት ገበሬ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና «ጎበዞች» ብለው ያልፋሉ።

ደስተኛ ሠራተኛ ንጹሕ ውጤት ያመጣል የሚል እምነት ነበራቸው። እምነት ስለሆነ ማስረጃ አልጠየቁበትም።

የሕይወት ሥራቸው ፊት ነው። የጦጣ አንጎል ፊትን እንዴት እንደሚያነብ፣ ቁጣን ከፍርሃት፣ ፍርሃትን ከወዳጅነት በምን እንደሚለይ ሲመረምሩ ፀጉራቸው ሸብቷል። ስለዚህ በሌሉበት «ፊታውራሪ» ይባላሉ። ፊት ለፊታቸው እንዲህ ያላቸው የለም። ፊት ለፊታቸው የሚባለው «አዎ» ነው፣ «ልክ ነው» ነው፣ ቀኑ ካማረ ደግሞ «እኔም ይህንኑ ሳስብ ነበር» ነው። በዚህ ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገረው ምክትላቸው ሲሆን፣ እሱን «አሜን» ይሉታል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ግን የዶክትሬት ተማሪዋ ናት። ሁሉም «እጩዋ» ነው የሚላት፤ እጩነቷ ከመርዘሙ የተነሳ ስሟ ሆኖ ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻውን ማራዘሚያ ሰጥቷታል። ወሩ ሳያልቅ ሥራዋን አቅርባ ካልጸደቀላት ያን ሁሉ ዓመት ጦጣ ጦጣ ስትል ኖራ ባዶ እጇን ትሰናበታለች። የሚያጸድቀው ፊርማ የፕሮፌሰሩ ነው። እናቷ ደግሞ ለዘመድ አዝማዱ «ዶክተሯ ልጄ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። በየሰርጉ አጠገቧ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ትይዝና «የዶክተሬ ነው፣ እንዳትቀመጡበት» ትላለች። ዶክተሯ ሳትመጣ ሰርጉ ያልቃል፤ ቦርሳው ግን ተከብሮ ይውላል።

ሙከራው እንዲህ ነው። ኮስታሬ የሚባል ሽማግሌ ጦጣ አለ። ስሙን ያገኘው ከፊቱ ነው፤ ጡረታው እንደዘገየበት ዳኛ ነው የሚያየው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስክሪን ላይ ፎቶ ያያል፤ ባየ ቁጥር ከቱቦ ጭማቂ ጠብ ይልለታል። አንጎሉ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ገብተዋል። ከጆሮው ከፍ ብሎ ለፊት ብቻ የተሰጡ ትንንሽ ሰፈሮች አሉ፤ ወደ ውስጥ ጠለቅ ሲባል ደግሞ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምትመስል ቦታ አለች። ፊቱ የማን እንደሆነ ከዚያኛው ሰፈር ይሰማል፤ ምን እንዳሰበ ይበልጡን ከዚህችኛዋ። ሴሎቹ በነቁ ቁጥር ድምፅ ማጉያው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ሲበረታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስላል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ቴክኒሻን ከመሣሪያዎቹ ጋር ተመሳስሎ የቀጠነ ስለሆነ «ሽቦ» ይሉታል።

ፎቶዎቹ የሠራተኞቹ ናቸው። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች የተዘጋጀ የፎቶ ስብስብ ከውጭ ያስመጣሉ። ፕሮፌሰሩ ግን «የራሳችን ደስታ እያለ የሰው ደስታ ምን ያደርግልናል» ብለው ካሜራ አንጠልጥለው መጡ፤ ሠራተኛውን ሁሉ ግድግዳ አስደግፈው ራሳቸው አነሱት። «ተቆጡ» ሲሉ ማንም መቆጣት አልቻለም፤ ተቆጥቶ የሚያሳያቸው ሰው እስኪገኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። «ደስ ይበላችሁ» ሲሉ ግን በአንድ አፍታ አለቀ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ከደስታው በኩል ነው።

«ድምፁን ጨምረው» አለች እጩዋ።

ሽቦ ጨመረው። ስክሪኑ ላይ የጸሐፊዋ የደስታ ፎቶ ወጣ። ድምፅ ማጉያው ዘነበ።

«ይሄ የትኛው ሴል ነው?»

«ያ ፈሪው።»

ፈሪው የሚሉት ከአሚግዳላ ሴሎች አንዱን ነው። ትንሽ ጦጣ በትልቅ ጦጣ ፊት ጥርሱን ሲያሳይ የሚያሳይ ፎቶ ሲመጣ የሚጮኸው እሱ ነው። ጦጣ ጥርሱን ሲያሳይ እየሳቀ አይደለም። ከንፈሩን ወደ ጆሮው ይስብና ጥርሱን ያሰጣል፤ ትርጉሙም «ጌታዬ፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አይንከሱኝ» ነው። ወዳጅነት ሲያምረው የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ከንፈሩን ጣ ጣ ጣ ያደርጋል። ይህን በቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ጥርስ ስላየ ነው» አለች እጩዋ። «የሰውን ሳቅ በራሱ ቋንቋ እየተረጎመው ነው።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ከዚያ ሌሎቹን ፎቶዎች አስገባሁለት።»

«የትኞቹን?»

«ፊታውራሪ ለስብሰባ የሄዱ ጊዜ፣ 'ቆይታዬ ተራዝሟል፣ በርቱ' የሚል መልእክት ላኩ፣ ትዝ ይልሻል? ካሜራውን እየሞከርኩ ነበር። መልእክቱን ጮክ ብዬ አነበብኩላችሁና አነሳኋችሁ።»

አሳያት። ፀጉርና ልብሱ ተቆርጦ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ የቀረው ፊት ብቻ ነው። ጥርስ ሞልቷል፤ እንዲያውም ከፕሮፌሰሩ ፎቶዎች ይልቅ እዚህ ጥርሱ ይበዛል፤ ጸሐፊዋማ መንጋጋዋ ድረስ ይታያል። ዓይኖቹ ግን ጠበዋል፣ ጉንጮቹ ተነስተዋል። ፈሪው ሴል ዝም አለ። እንዲያውም ከሱ ራቅ ያለ ሌላ ሴል፣ ለከንፈር ማጨብጨብ ብቻ የሚነቃው፣ ቀስ ብሎ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ።

እጩዋ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

«ጥርስ ባዳ ነው» አለ ሽቦ። «ኮስታሬ ጥርሱን አይደለም የሚያየው። የአሜንን ልክፈትልሽ?»

«ክፈተው።»

ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። ሽቦ ቶሎ ቀነሰው። «በዚህ ሰውዬ ሴሉን እንዳንገድለው ፈርቼ ነው እኮ። ያንቺንስ?»

«የኔ ይቅር።»

ከፈተው። ዘነበ። «አላዳላም እንግዲህ» አለ ሽቦ፣ «ከነእጩነት ማዕረግሽ ነው የፈረደብሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እጩዋ ልትሳሳት እየፈለገች ነው የሠራችው። ፎቶዎቹን አደበላለቀች፣ ብርሃኑን አስተካከለች፣ አፍን ሸፍና ዓይን ብቻ አሳየች፣ ዓይን ሸፍና አፍ ብቻ አሳየች። ኮስታሬ ጭማቂውን እየጠጣ አቋሙን አልለወጠም። ፕሮፌሰሩ ያነሱት ደስታ ሁሉ ፍርሃት ነው።

ወሬው አሜን ዘንድ የደረሰው ሳይውል ሳያድር ነው። ወደ ክፍሏ መጥቶ በሩን ዘጋና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ይሄን ነገር እንደሱ አድርገሽ አታቅርቢውም አይደል?»

«እንዴት አድርጌ ላቅርበው?»

«ጦጣው አርጅቷል በያ።»

«በቁጣ ፎቶዎቹ ላይ አልተሳሳተም። በፍርሃቱም አልተሳሳተም።»

«እንግዲያው ደስታን አውጪው። ቁጣና ፍርሃት አይበቃሽም? ሰው በነሱ ብቻ ስንት ሥራ ሠርቷል። ደስታ ለወደፊት ጥናት ተትቷል ብለሽ አንድ መስመር ጣል አድርጊ።»

«ደስታ ከሌለ ሥራው ግማሽ ነው።»

«ግማሽም ቢሆን ዲግሪው ሙሉ ነው» አለ አሜን። ይህ በሕይወቱ ከተናገራቸው ነገሮች ሁሉ የራሱ የሆነው ብቸኛው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ ፎቶ ላይ... ምን አለ?» አላት።

«በዛ ያለ ነገር አለ።»

አሜን እንደ ልማዱ ፈገግ አለ። «ሚስቴም 'ይሄን ፊትህን ሥራ ቦታ ትተኸው ና' ትለኛለች» አለና ወጣ።

በዚያው ሰሞን እናቷ ደወለች። የአክስቷ ልጅ ልታገባ ነው፤ የጥሪ ካርዱ ላይ የእንግዶች ስም ሊጻፍ ነው። «ዶክተር እንትና ብለው ይጻፉ ወይስ ይጠብቁ?» አለቻት።

«ይጠብቁ እማዬ።»

«ማተሚያ ቤት አይጠብቅም እኮ።»

ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን አዳራሹ ሞላ። ፊት ላይ ፕሮፌሰሩ፣ በቀኛቸው አሜን፣ በግራቸው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ እንግዳ ፈታኝ ተቀምጠዋል። ፈታኙ የማንም ሠራተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ፕሮፌሰሩ የሚመሩት ጉባኤ ላይ ንግግር እንዲያደርግ እስኪጋበዝ ሲጠብቅ ዓመታት ስላለፉት ከሠራተኞቹ ባልተናነሰ ደስተኛ ነበር። ከኋላ ሠራተኛው በሙሉ። ሽቦ የፎቶ ማሳያውን ይዟል።

እጩዋ ደስታን አላወጣችም። ለምን እንዳላወጣችው ተጠይቃ ቢሆን ስለ እውነት ትልቅ ንግግር አልነበራትም። አውጥታ ሞክራው ነበር፤ ጽሑፉ ውሸት ከመሆኑ በፊት አሰልቺ ሆኖባት መለሰችው።

ውጤቱን ደረጃ በደረጃ አሳየች። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ላይ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። መሃል ላይ መነቅነቁ ዘገየ። መጨረሻ ላይ ቆመ።

«ቆይ» አሉ። «ጦጣው ሠራተኞቼ ፈርተዋል ነው የሚለው?»

«አዎ ፕሮፌሰር።»

«ማንን ነው የፈሩት?»

በየወንበሩ ጥርስ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

«ፎቶ አንሺውን» አለች እጩዋ።

«ፎቶ አንሺው ማን ነበር?»

ይህን ከልባቸው ነው የጠየቁት። አሜን ወረቀቶቹን ማስተካከል ያዘ።

«እርስዎ ነዎት ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ኋላ ዞሩ። ሠራተኞቻቸውን አዩ። አንዱም ፊት ሳያመልጣቸው፣ በሙያቸው ልክ፣ ረጋ ብለው አዩ።

«ትፈሩኛላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም» አለ አዳራሹ፣ አንድም ሰው ሳይቀድም፣ አንድም ሰው ሳይዘገይ።

«ይኸው» አሉ ወደ እጩዋ ዞረው። አልተቆጡም፤ የልጅ ስህተት እንደሚያርም አባት ነበሩ። «ዝንጀሮ የራሷን መላጣ ሳታይ በሰው ትስቃለች ሲባል አልሰማሽም? ከመንጋው ተባርሮ ጓዳ የተቀመጠ ጦጣ ስለ ሰው ደስታ ምን ያውቃል? ፎቶዎቹን ለኔ አምጪልኝ። ሁለቱንም ዓይነት። እኔ ልለያቸው። ከጦጣ ላንስ ነው?»

«እንዴት ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ አሜን።

ሽቦ የእያንዳንዱን ሰው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፣ ግራ ቀኙን እየቀያየረ ማሳየት ጀመረ። አንዱ ፕሮፌሰሩ ያነሱት ነው፣ ሌላው ያን ቀን መልእክታቸው ሲነበብ የተነሳው። ፕሮፌሰሩ ካነሷቸው በኋላ ፎቶዎቹን ተመልክተዋቸው አያውቁም፤ ካሜራውን ለአሜን ሰጥተው ነው የሄዱት። ስለዚህ ፈተናው ንጹሕ ነበር። ተነስተው ስክሪኑ አጠገብ ቆሙ፣ የሌዘር ብዕራቸውን አበሩ።

«ይህቺ» አሉ የጸሐፊዋን የፈራ ፊት በቀይ ነጥብ እየነኩ። «ግልጽ ነው። ዓይኗ በደንብ ተከፍቷል፣ ንቁ ናት፣ ደስ ብሏታል። ያኛው ላይ ግን ዓይኗ ጠቧል፣ አፏ ተበርግዷል። ይሄ ላግጣ ነው። ሰው ላይ እያላገጠች ነው።»

«ልክ ነው» አለ አሜን።

የሚቀጥለው መጣ። ፕሮፌሰሩ አሁንም የፈራውን ፊት መረጡ። ቀጥሎም እሱኑ። አንዳንዴ ሁለቱን ሲያመዛዝኑ ቆየት ይላሉ፤ በመጨረሻ ግን ቀዩ ነጥብ ሄዶ የሚያርፈው በየቀኑ በር ላይ ቆመው የሚያዩት ፊት ላይ ነው። ደስታን ከዚያ ፊት የተማሩ ሰው ሌላ ከየት ያምጡ። የእጩዋም ፊት ተራው ደረሰና ሁለቱን እጩዎች አይተው ፈሪዋን «ይህቺ ናት የኔ ተማሪ» አሏት።

የአሜን ፎቶዎች ሲመጡ አንደኛው ላይ ቀዩን ነጥብ አሳረፉ። «ይሄኛው አሜ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሳል ይዟቸው ቆሙ፤ የምክትላቸውን ቅጽል ስም እሳቸውም ያውቁታል ማለት ነው። «ይሄኛው ምክትሌ ነው። ያኛው ማነው?»

ያኛው ላይ አንድ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ እንደ ልጅ ይስቃል።

«እኔ ነኝ ፕሮፌሰር» አለ አሜን።

ፕሮፌሰሩ ፎቶውን ቀርበው አዩት። «አንተ አይደለህም።»

አሜን ፎቶውን አየ። ጥቂት ቆየበት። «ልክ ነው» አለ፣ «እኔ አይደለሁም።»

ፎቶው አለቀ። ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አጠፉና እጃቸውን አጣምረው ወደ እጩዋ ዞሩ። «በይ እንግዲህ። ስንቱን አገኘሁ?»

እጩዋ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን መልስ ታውቀዋለች። ከአንድ ቃል አይበልጥም፤ ፊርማውም፣ የሰርግ ካርዱም፣ ያ ቦርሳ የተቀመጠበት ወንበርም እዚያው ቃል ውስጥ ናቸው። እንግዳው ፈታኝ ኮርኒሱን ማጥናት ጀምሯል። ሽቦ የጫማውን ክር እያሰረ ነው፤ ጫማው ክር የለውም። እጩዋ ጉንጮቿ ሳታዛቸው ወደ ጆሮዋ መሳብ ሲጀምሩ ተሰማት። እንደሚሸሽ ነገር ያዘቻቸው።

«አንድም አላገኙም» አለች።

ፕሮፌሰሩ ይቆጣሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሳቸው ግን ፊቷን አዩት። አንድ እርምጃ ቀረቡ። እንደገና አዩት፤ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ከንፈሯን። ያን ዘመን ሁሉ ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሰው አንድ ፊደል እንዳልገባው ተማሪ ግራ ተጋቡ። አጠገባቸው ሆኖ የማይገለፍጥ ፊት አይተው አያውቁም።

«ልጄ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም።»

«አይንቀሳቀስም እኮ።»

«እንዲሁ ነው። አሁን ምንም የሚያስቅ ነገር ስላላየሁ ነው።»

«ራስሽን ያዞርሻል? እጅሽ ይደነዝዛል?» ድምፃቸው ውስጥ የምር ጭንቀት ነበር። ወደ አዳራሹ ዞሩ። «ይህቺ ልጅ አሟታል። ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?»

«እኔም ጠዋት ሳያት ጠርጥሬ ነበር» አለ አሜን።

«የፊት ነርቭ ሊሆን ይችላል» አለ እንግዳው ፈታኝ፣ ኮርኒሱን ትቶ። «አጣዳፊ ነው አንዳንዴ።»

«ደህና ነኝ» አለች እጩዋ። «ፊርማዎን ነው የምፈልገው።»

«በሕመም ላይ ያለ ሰው ሥራ መርምሮ ማጽደቅ ግፍ ነው። ሕሊናዬ አይፈቅድም። አረፍ በዪ። ፊትሽ ሲመለስልሽ ትመጫለሽ፣ ያኔ ዓይኔን ሳላሽ እፈርምልሻለሁ።»

«ማራዘሚያዬ በዚህ ወር ያልቃል።»

«ጤና ይቀድማል» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ።

ሠራተኛው ሁሉ ያያታል። ሕፃንን አፍ ሊያስከፍት እንደፈለገ ሰው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥርስ አውጥቶ ያሳያታል፤ እንዲህ አድርጊ፣ አንዴ ብቻ፣ ትድኛለሽ። ጸሐፊዋ በጣቷ የከንፈሯን ዳር እየሳበች ሳይቀር አስተማረቻት። እጩዋ ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ከኋላዋ «እግዜር ይማርሽ» የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ ከልብም ይመስል ነበር።

ከዋናው በር ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለእናቷ ደወለች።

«አለቀ?» አለች እናቷ።

«አሞሻል ብለው አሰናበቱኝ።»

«ምንሽን?»

«ፊቴን።»

የሆነውን ነገረቻት። እናቷ ሳታቋርጥ ሰማች፤ ይህ በራሱ ብርቅ ነው።

«አንዴ ፈገግ ብትዪላቸው ምን ይጎድልብሽ ነበር?» አለች በመጨረሻ። «እኔስ ለስንቱ ፈገግ ብዬ አይደል ያሳደግኩሽ?»

«ጦጣውም እንዳንቺ ቢያስብ ኖሮ ይሄኔ ዶክተር ነበርኩ።»

ስልኩ ውስጥ የምድጃ ላይ ድስት ክዳን ሲንኳኳ ተሰማ። እናቷ ስታስብ እጇ ሥራ አይፈታም።

«ለመሆኑ ጦጣው እርግጠኛ ነው?»

«እርግጠኛ ነው።»

«እንደገና ብትጠይቁትስ?»

«ደጋግመን ጠይቀነዋል እማዬ።»

እናቷ ተነፈሰች። «በይ ነይ» አለች። «ለዘመድ የምለውን እኔ አላጣም። ደግሞ በር ላይ ስትደርሺ ለኔ ብለሽ ፊትሽን እንዳታስተካክዪ።»